ለውሻው ለቡቺ፣ ለአሰልጣኙና ለጅማ ሰው

ጫካ ውስጥ ጠፍተውብን የነበሩት አባባ ቤታቸው ገብተዋል። እግዚአብሔር ይመስገን! ትናንት ሽሮ በልተው ቡናም ጠጥተዋል። የሆነውን ከጅማ እስከ ሸቤ ያልሰማ የለም፤ አልደግመውም። በለጤ ጫካ ብዬ ስጽፍ ራሱ እጄ ይንቀጠቀጣል።

የቡቺ አሰልጣኝ፣ ወንድሜ፣ ስሜን እንዳትጽፊ ስላልከኝ አልጽፍም። ስለ ቡቺ እንዳልጽፍ ግን አትከለክለኝም። ስትደርስ ሁላችንም እያለቀስን ነበር፤ አንተ ከሁሉ በፊት የጠየቅከው ያልታጠበ የአባባን ልብስ ነው። የሌላ ሰው ሽታ እንዳይቀላቀልበት የትራስ ልብሳቸውን በተገለበጠ ፌስታል ራስህ አነሳኸው። ከዚያ እማማ አጠገብ ቁጭ ብለህ፣ ከሰው ገላ የማይታይ የቆዳ ብናኝ ሁልጊዜ እንደሚረግፍ፣ ውሻ በዚያ ሽታ እንደሚሄድ፣ የቀትር ፀሐይ እንደሚበትነውና የንጋት ቅዝቃዜና እርጥበት ግን መሬት ላይ እንደሚያቆይልን ቀስ ብለህ አስረዳሃት። እማማ ውሃ የቀመሰችው ያኔ ነው። ይህን በምን እንከፍልሃለን?

ቡቺ ሲጮህ... ያንን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። አባባን አግኝቶ የፈለገው ኳሱን ብቻ ነበር! ለእሱ ጨዋታ ነው፤ ሰው ይደበቃል፣ ፈልጎ ያገኛል፣ ይጮሃል፣ ኳሱን ያገኛል። ይህን ከቡችላነቱ ጀምረህ፣ ዝናብ ፀሐይ ሳትል፣ ከራስህ ደመወዝ እያበላህ አስተማርከው። ኳሱን ወርውረህለት አንገቱን አቅፈህ ስታለቅስ አይቼሃለሁ። እናትህ ትባረክ።

ሼሁ፣ ዱካው በሰው ብዛት እንዳይረገጥ ሕዝቡ ከጫካው ይውጣ ብለው በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ስላስነገሩልን አላህ ይስጥልን። የባጃጅ ልጆች፣ እድራችን፣ ሚሊሻዎች፣ ቡና ለቃሚዎች፣ ሐኪሞችና ነርሶች፣ ኑሩልን።

ያልጠራኋችሁ ይቅር በሉኝ፣ ጭንቅላቴ ገና አልተረጋጋም። ጫካ ውስጥ ኮትህን አውልቀህ አባባን ያለበስካቸው ልጅ ደግሞ፣ ማን እንደሆንክ እንኳ አላወቅንም። ኮትህ ታጥቦ ተቀምጧል፣ ና ውሰደው፣ ምሳም አብረን እንበላለን።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቡቺ ሁሌ የሚያውቀውን ሰው ብቻ ከፈለገ ልምምዱ አይሆንም፤ አዲስ አዲስ ሰው ሊደበቅለት ይገባል። እኔና ወንድሞቼ እሁድ እሁድ ጠዋት እንደበቅለታለን። ሰዓት ያላችሁ አብራችሁን ኑ፣ ከጠዋት ቀደም ብለን ነው የምንወጣው።