ከሐዋሳ፣ ለአዳማው ወንድሜ

ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ነው ዛሬ የምጽፍልህ። እናትህ ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ካለፈ በኋላ ነበር። ያን ዕለት ደውዬ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለት ነበረብኝ። ለቅሶ ሳልደርስ በስልክ ማጽናናቱ አሳፈረኝና ዛሬ ነገ ስል ወር አለፈ፤ ከዚያ ወዲያ ደግሞ መዘግየቴ ራሱ አሳፈረኝ። እጃቸው ላይ በልቼ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ነፍሳቸውን በአፀደ ገነት ያኑርልን። ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ይዤ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሳለ «ሳትለካ አትቀይር» የምትለው ነገር ጆሮዬ ላይ መጣ። ከዚያ በኋላ ሳልጽፍልህ መዋል አልቻልኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአሞራ ገደል ብዙም በማይርቅ ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ የአትክልት ትራክተር አለ፤ ቤንዚን የማይጠጣ፣ በባትሪ ብቻ የሚሄድ። ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ኤሌክ ትራክ» ብሎ ከሸጣቸው አንዱ ነው። ስድስት ባለ 6 ቮልት ባትሪዎች ተከታትለው ታስረው 36 ቮልት ይሰጡታል። የግቢው ባለቤት ጋሼ ሣሩን ያጭዱበታል፤ እንደ ልጃቸው ነው የሚሳሱለት።

ሕመሙ ይኼ ነበር፦ ጠዋት ጥሩ ይነሣል፣ ትንሽ ሠርቶ ዳገቷ ላይ ሲደርስ ድንገት ቀጥ ይላል። ሩብ ሰዓት ሲያርፍ ደግሞ ምንም እንዳልነካው ይሄዳል። አንድ ጋራዥ ስድስቱም ባትሪ ይቀየር ብሏቸው ነበር። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብለው ሲያዝኑ እኔ እጄን አስገባሁ።

መጀመሪያ የሠራሁትን ስህተት ልንገርህ። ከባጃጅ በለመድኩት የቴስተሩን ጥቁር ገመድ ሻሲው ላይ አድርጌ ለካሁ። አንዴ 11፣ አንዴ 20፣ ባትሪ በቀየርኩ ቁጥር ሌላ ቁጥር። ግማሽ ቀን አጠፋሁ። ለካ የዚህ ማሽን ሻሲ እንደ ባጃጅ ማሳ (የኔጋቲቭ መመለሻ) አይደለም፤ ኔጋቲቩ ከብረቱ ጋር አይገናኝም። ያየሁት በባትሪዎቹ ራስ ላይ ከረጠበው አቧራና አሲድ ሾልኮ የሚመጣ ጉልበት የሌለው የውሸት ቮልት ነው። ባትሪዎቹን በቢካርቦኔት ውሃ አጥቤ ሳደርቃቸው ያ ቁጥር ጠፋ። ከዚያ ወዲያ የለካሁት ሁሉ ከፖል ወደ ፖል፣ ከባትሪው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ነው።

ሳይሠራ ስለካው 38 ቮልት ከምናምን፤ ሙሉ ነው። ሥራ ሳይዝ የተለካ ባትሪ ግን ምን ይነግረኛል? የኋላውን በክሪክ አንሥቼ፣ የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ ጋሼን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኳቸው፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ስዊች ካልተጫነ ሞተሩ አይነሣም። የኋላ ጎማዎቹ አየር ላይ ስለነበሩ ፍሬኑን በጥቂቱ ያዝ እያደረጉ ሞተሩን እንዲያስጨንቁት ነገርኳቸው። ቀለበቴንም ሰዓቴንም አውልቄ፣ የቁልፉን እጀታ በናስትሮ ጠቅልዬ ነበር። የባትሪ ፖል ላይ ብረት ቢወድቅ ምን እንደሚያደርግ አንተ ታውቃለህ።

ስድስቱንም ባትሪ አንድ በአንድ ለካሁ፤ ሁሉም ከ5.8 በላይ ቆመዋል። ባትሪው አይደለም ማለት ነው! ቀጥዬ መገናኛዎቹን ያዝኩ፤ አንዱን የቴስተር ጫፍ ፖሉ ላይ፣ ሌላውን ገመዱ ራስ ላይ። ጤነኛ ከሆነ ዜሮ አካባቢ ነው የሚያሳየው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ደህና። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለችው አጭር ገመድ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለካት 1.8 ቮልት አለችኝ። ሞተሩ 50 አምፔር ቢስብ እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ 90 ዋት ሙቀት ነው። ጋሼን «አይልቀቁት» አልኳቸው። 2.5፣ 4፣ ከዚያ ቀጥ! ቆመ። ቴስተሩ 37 ላይ ወጣ። ገመዷ ውስጧ ተለያይታ የባትሪዎቹ ቮልት ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስትግል ትለያያለች፣ ስትቀዘቅዝ ትገጥማለች። ላስቲኩን ስገፈው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል።

እጄ ተንቀጠቀጠ፤ በደስታ። ለማን እንደምነግር ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ዋርካው ላይ ከተሰበሰቡት አባ ኮዳዎች በቀር አንተ የሆንክ ሰው የለም።

አዲስ ወፍራም ገመድ ሠራሁላት፣ ፖሎቹን ፈግፍጌ ቫዝሊን ቀባሁ። ዳገቷን አራቴ ወጥቶ ወረደ። ጋሼ መርቀውኝ አልጠግብ አሉ።

አሁን የቀረው የኋሊት መሄዱ ነው። ኮንታክተሩ (ለሞተሩ መብራት የሚያገናኘው ትልቁ ስዊች) «ጠቅ» ይላል፣ ሞተሩ ግን ዝም። መገናኛው ተበልቷል ብዬ እገምታለሁ፤ የፊልድ ገመዱንም፣ ማለት የሞተሩን ማግኔት የሚመግበውን፣ እጠረጥራለሁ። እሱን ብቻዬን መንካት ፈርቻለሁ፤ ፊልዱ ከተቋረጠ ጎማው አየር ላይ ያለ ሞተር እስኪበታተን ሊፈጥን ይችላል። አንተ ባለህበት ብከፍተው ደስ ይለኛል።

በሞጆ በኩል ብትመጣ ለምሳ ትደርሳለህ። ዓሣውን እኔ አስጠብሳለሁ። ከምሳ በፊት ግን ስለ እናትህ ታወራኛለህ፤ መጨረሻቸው እንዴት እንደነበር አልሰማሁምና።

ያንን የድሮ ባለመርፌ ቴስተርህንም ይዘኸው ና።

ወንድምህ