ጀበና ስትከራከሩ የተሰበሩትንም ቁጠሩልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ በዓል ባዛር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ሸማቾች የእጅ ሥራ ተወደደብን ያሉበት ቦታ ላይ ስደርስ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔ ቀጨኔ ተወልጄ ያደግሁ ሸክላ ሠሪ ነኝ። ሙያውን ያስተማረችኝ እናቴ ናት፣ እሷን ደግሞ እናቷ። 22 ዓመት ሸጫለሁ። ካለፉት 6 ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምራለሁ። የሁለቱንም ደስታና ምሬት ስለማውቀው እንደመጣልኝ ልጻፍላችሁ።

በገና ሰሞን አንዲት እህት መጥታ ጀበና አነሳች። አገላብጣ አየቻት፣ እጀታዋን ያዝ አድርጋ እንደምትቀዳ አዘነበለቻት፣ ወደደቻት። ዋጋ ስትጠይቀኝ 400 ብር አልኳት። "ለጭቃ?" አለችኝ። ክፉ ሰው አይደለችም፣ ስትስቅም ደስ ትላለች። ተከራክረን ተከራክረን በ250 ወሰደችው፤ ጠዋት የመጣሁበትን የታክሲ እንኳ ስላልሸጥኩ ሰጠኋት። ግን "ለጭቃ" ያለችው ነገር እስከ ማታ ከውስጤ አልወጣም።

እስቲ ጭቃው ጀበና እስኪሆን ያለውን ልንገራችሁ። አፈሩ በማዳበሪያ ከረጢት ተገዝቶ፣ ለተሸካሚ ተከፍሎ ነው ቤት የሚገባው። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ይነከራል። ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል፣ ገሉ ከሌለበት እሳት አይችልም። ጀበና ደግሞ በአንድ ቀን አትሠራም። ዛሬ ሆዷ ይወጣል፣ ጠንከር እስኪል ይጠበቃል፣ ከዚያ ነው አንገቷ የሚቀጠለው። ሆዷ እርጥብ እያለ አንገት ከጫንኩባት ትሰምጣለች፣ በጣም ከደረቀች ደግሞ አይያያዝም። መካከሏን የማውቀው በጣቴ ጀርባ ነክቼ ነው። ለዚህ ሰዓት የለውም፣ የእናቴ እጅ ነው ያስተማረኝ። ከዚያ እጀታ፣ ከዚያ ማፍሰሻ፣ ከዚያ በለስላሳ ድንጋይ ማሸት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ማድረቅ። በክረምት ማድረቁ ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጃል።

እሳቱ ነው ዋናው ፈተና። ባለፈው ጥቅምት አንድ ቀን 18 ጀበና ለማቃጠል አወጣሁ። መጀመሪያ ዳር ዳር አሞቅኋቸው፣ ከዚያ ደርድሬ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ሸፈንኳቸው። ቀኑ ጥሩ ነበር፣ ነፋስ አልነበረም። ቅጠሉ ተያይዞ ትንሽ እንደቆየ ግን ከውስጥ "ጧ" አለ። ሸክላ ሠሪ የሆነች ሁሉ ይህን ድምፅ ታውቀዋለች። ቁጭ ብላ ከመቁጠር በቀር የምታደርገው ነገር የለም፣ እጇን እሳት ውስጥ አትከት። እኔም ቆጠርኩ። ማታ አመዱን ስጠርግ 7ቱ ፈርሰዋል። የቀሩትን አንድ በአንድ አንስቼ በጥፍሬ መታ መታ አደረግኋቸው። ደህናዋ ጀበና ትጮኻለች፣ የተሰነጠቀችው ግን ስንጥቁ ለዓይን ባይታይም ድምፅዋ ይታፈናል። ሁለት ታፍነው አገኘሁ። ከ18ቱ ለገበያ የደረሱት 9 ናቸው።

ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም፣ አንዳንድ ቀን አንዲትም ሳትሰበር ትወጣለች፣ ያን ቀን ቤቴ ሠርግ ነው። ግን ገበያ ላይ ያያችኋት አንዲት ጀበና ያልደረሱትን እህቶቿንም አፈር፣ ቅጠልና ድካም ተሸክማ ነው የቆመችው። 400 ብር ስላችሁ ይህንን ደምሬ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለው ተረት በእኛ ቤት ተረት አይደለም፣ የተሰነጠቁት ሁለቱ አሁን እኔ ቤት የሽሮና የጨው ማስቀመጫ ናቸው።

ሽያጩ ደስታም አለው፣ እሱን ካልጻፍኩ እዋሻለሁ። የጀበና ቡና በየመንገዱ ከተስፋፋ ወዲህ እንጀራዬ የሆኑት ቡና አፍልተው የሚያድሩት ሴቶች ናቸው። የእነሱ ጀበና ከጠዋት እስከ ማታ ከእሳት ስለማይወርድ ቶሎ ቶሎ ይለውጣሉ። ይከራከራሉ፣ ግን ዕቃ ያውቃሉ። አፏን፣ ክብደቷን፣ ሚዛኗን ያያሉ፣ እንደ እኔው በጥፍር መታ አድርገው ያዳምጣሉ። አንዷ ደንበኛዬ 5 ጀበና ባንዴ ታዝዘኝና በቴሌብር ግማሹን ቀድማ ትልክልኛለች። ቀብድ የሚከፍል ደንበኛ ያላት ሸክላ ሠሪ ሌሊት እንቅልፍ ትተኛለች።

ከእነሱም ተምሬያለሁ። ከሰል ሲወደድ ብዙዎቹ ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ ሄዱ። ክብ መቀመጫ ያላት የእናቴ ጀበና ግን ማቶት ላይ እንጂ የኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ አትረጋም። "ታችዋን ጠፍጣፋ አድርጊልን" አሉኝ። መጀመሪያ ከበደኝ፣ ጠፍጣፋው ቂጥ ጠርዙ ላይ እየተሰነጠቀ ብዙ አበላሸሁ። ጠርዙን ትንሽ ወፈር፣ መሀሉን ሳሳ ሳደርገው ያዘልኝ። አሁን ከምሸጠው ግማሹ ጠፍጣፋው ነው። ሙያችን እንዳለ ቆሞ የቀረ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። በነገራችን ላይ እቤታችሁ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ሽቦው የተቀበረበት ሰሌዳ ሸክላ ነው።

ምሬቱ ሌላ ቦታ ነው። የስጦታ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሱቅ 20 ጀበናና 10 የዕጣን ማጨሻ "ሲሸጥ እንከፍልሻለን" ብሎ ወሰደ። ሦስት ወር ተመላለስኩ። በመጨረሻ "የተሰበረ አለ" ተብሎ ግማሹ ተቆርጦ ተሰጠኝ፣ የእኔኑ ጀበና ግን መስኮቱ ላይ እኔ በሰጠሁበት ዋጋ ሦስት እጥፍ ተለጥፎባት አየኋት። ባዛርም ብትሉ የቦታው ኪራይ ለጨርቅ ነጋዴውም ለእኔም እኩል ነው። እሱ ዕቃው ካልተሸጠ አጣጥፎ ይመለሳል፣ የእኔ መንገድ ላይ ይሰበራል። በቴሌግራም ስሸጥም እንደዚያው፣ በሞተር ሲላክ አንገቷ ይሄዳል። አሁን ጭድ ባለበት ካርቶን ውስጥ በድሮ ጋዜጣ ጠቅልዬ እልካለሁ። የእናንተም ጋዜጣ አንብቤ ከጨረስኩት በኋላ ብዙ አንገት አትርፎልኛል።

ማስተማሩን የጀመርኩት በአጋጣሚ ነው። አንዲት በመሥሪያ ቤት የምትሠራ ልጅ ጀበና ልትገዛ መጥታ ስሠራ አየችና "እኔም ልሞክር" አለች። ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ አንዲት ጠማማ ስኒ ሠራች። የከፈለችኝ ከአንድ ጀበና በላይ ነበር፣ አልተከራከረችኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሦስት ጓደኞቿን ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ አሁን በሳምንት 6 ወይም 7 ሰው ይመጣል፣ በክረምት ከውጭ አገር የሚመጡ የእኛው ልጆችም አሉበት። እጃቸው ጭቃ ሲነካ ፊታቸው ይፈታል፣ ስልካቸውን ይረሳሉ። ደስ ይለኛል። ቅዳሜ የማገኘው ገንዘብ የወሩን የቤት ኪራይ ይሸፍናል፣ ገበያ ሲጠፋም ያቆመኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ጭቃ ያቦካ ሰው ሁለተኛ "ለጭቃ?" ብሎ አይጠይቅም፣ ከተማሪዎቼ አንድም ሰው ዋጋ ተከራክሮኝ አያውቅም።

ግን እነዚህ የሚመጡት ለደስታቸው ነው፣ መልካም ነው፣ ሸክላ ሠሪ አይሆኑም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ የሰፈሬ ልጆች አለመምጣታቸው ነው። ዓምና አንዲት የ17 ዓመት ልጅ መጣች። አያቷ እንስራ ሠሪ ነበረች፣ አውቃት ነበር። ልጅቷ እጅ አላት። አንዳንድ ሰው ጭቃውን ሲነካው ወዲያው ይታወቃል፣ አይጫነውም፣ ይከተለዋል። ሦስት ቅዳሜ መጥታ በአራተኛው እናቷ ከበር ገባችና ተማሪዎቹ ሁሉ እያዩ "ልጄንም ሸክላ ሠሪ ልታደርጊያት ነው? እኔ የሸሸሁት ይበቃል" አለችኝ። እጇን ይዛ አወጣቻት። አልተቆጣሁም። እኛ ልጆች ሆነን በትምህርት ቤት የተሰደብነውን አብረን ነው የሰማነው፣ ውኃ ስንቀዳ "ቡዳ" ብለው የሸሹንን ሁለታችንም እናስታውሳለን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው። ስድቡ አሁን በአደባባይ ቀንሷል፣ እውነት ነው። እናቶች ልባቸው ውስጥ ያለው ፍርሃት ግን አልወጣም፣ ድህነቱም ስላለ ለፍርሃታቸው ምክንያት አያጡም።

ከወር በኋላ ያቺን እናት ቤቷ ሄጄ አነጋገርኳት። ስለ ክብር አላወራሁም። ደብተሬን ይዤ ሄድኩ፣ በወር ስንት ሸጥኩ፣ ስንት ተሰበረ፣ ለቅጠልና ለአፈር ስንት ወጣ፣ ከቅዳሜው ትምህርት ስንት ገባ፣ ሁሉንም አሳየኋት። ረጅም ሰዓት አየችው። "ይሄ የቅዳሜው ባይኖር አትኖሪም" አለችኝ። ልክ ናት። ጀበናው ብቻውን አያኖረኝም፣ የምኖረው ቅዳሜን ጨምሬ ነው፣ ቅዳሜ የሚመጡት ደግሞ ጀበናውን የሠራሁበትን እጅ ፈልገው ነው። አንዱ ከሌላው ተለይቶ አይቆምም።

እዚህ ላይ ሥልጠና የሚያዘጋጁ ሰዎች ቢሰሙኝ እወዳለሁ። አንድ ጊዜ ለሴቶች የ15 ቀን የሸክላ ሥልጠና እንድሰጥ ተጠራሁ። 30 ሴቶች ነበሩ። አበል ነበራቸው፣ ምሳ ነበር፣ ባነር ተሰቅሏል። በ15ኛው ቀን ሰርተፍኬት ተሰጠ፣ ፎቶ ተነሳን። ከ30ው አሁን ሸክላ የምትሠራ አንዲትም የለች። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። በ15 ቀን ጀበና አይለመድም፣ እኔን እናቴ አንገት ለመቀጠል ብቻ አንድ ዓመት ነው ያስጠበቀችኝ። ሲጨርሱም አፈር የሚገዙበት፣ የሚያቃጥሉበት ቦታ፣ የሚሸጡበት ደንበኛ አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ለባነርና ለምሳ የወጣ ገንዘብ ለ3 ልጆች ለአንድ ዓመት ከአንዲት ሸክላ ሠሪ ጋር ቁጭ ብለው ለሚማሩበት ቢከፈል፣ ለልጆቹ የታክሲና የምሳ፣ ለአስተማሪዋም ልጆቹ ለሚያበላሹት አፈር ካሳ ቢሆን፣ ዛሬ 3 ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩን ነበር። ልጅ ስትማር ብዙ ትሰብራለች። የሷን ስብራት ማን ይችለዋል? እኔ የራሴንም በጭንቅ ነው የምችለው።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ። ስለ እጅ ሥራ ስትጽፉ ገዢውን ብቻ አትጠይቁ፣ ከዕቃው ጀርባ የተቀመጠችውንም ጠይቋት። ቀጨኔ ሩቅ አይደለም። የምናቃጥልበት ቀን ኑና ከእኔ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቁጠሩ።

ያቺ ልጅ ተመልሳለች። እናቷ በሳምንት ሁለት ቀን ፈቀደችላት፣ ከትምህርት ቤት መልስ። ብቻዋን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሠራችው ጀበና የወጣው በኅዳር ነው፣ አንገቷ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላል። ቀብድ የምትልክልኝ ደንበኛዬ አየቻት፣ በጥፍሯ መታ አደረገቻት፣ አዳመጠችና ሳትከራከር 400 ብር ለልጅቷ በእጇ ሰጠቻት። ጀበናዋ አሁንም በየቀኑ ቡና ታፈላለች። ባለፈው ሳምንት ሳልፍ አየኋት፣ ጠቁራለች፣ አልተሰነጠቀችም።

አክባሪያችሁ፣
ሸክላ ሠሪና የሸክላ አስተማሪ፣ ከቀጨኔ፣ አዲስ አበባ