ጫማው በሩጫው ዕለት አይታደል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጎጃም ውስጥ ለዝሆኔ ሕሙማን ማራቶን ሮጠን ገንዘብ እናሰባስብ ለሚሉ ወገኖች ነው የምንጽፈው። በሩጫው ደስ ብሎናል። ቅር የሚለን የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ሯጮቹ እንደገቡ ሕሙማኑን አሰልፎ ጫማ ማደል። ለፎቶ ያምራል፣ ለእግር አይበጅም።

ያበጠ እግር መጀመሪያ መታጠብ አለበት፤ በየቀኑ፣ በሳሙናና በንጹህ ውኃ፣ የጣቶቹ መሐልና የቆዳው እጥፋት ሳይቀር። ከዚያ ባለሙያው ባሳየው ልክ በረኪና በገባበት ውኃ ይዘፈዘፋል። በረኪናው ከበዛ ቆዳው ይሰነጠቃል፣ ጀርምም በስንጥቁ ይገባል። ደርቆ ቫዝሊን ይቀባል። ፋሻ የሚጠመጠመው ጠዋት ከአልጋ ሳይወረድ፣ እብጠቱ ቀለል ባለበት ሰዓት ነው፤ እግሩ ቀልቶ ካቃጠለና ትኩሳት ከመጣ ግን አይታሰርም። ይህን ሳያቋርጥ የያዘ ሰው እግሩ በወራት ውስጥ ይቀንሳል። በሩጫው ዕለት ልኩ የነበረው ጫማ ያን ጊዜ ይንሸራተታል፣ ያቆስላልም።

ስለዚህ ልኬቱ እብጠቱ እስኪረጋ ይቆይ። ሲለካም «ስንት ቁጥር ነሽ እናቴ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ርዝመቱ፣ የእግሩ ጀርባ ዙሪያ፣ የቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ፣ ግራና ቀኙ ለየብቻ፣ ፋሻው እንደታሰረ ይለካ። አፉ እስከ ጣቶቹ ድረስ የሚከፈት፣ ከለስላሳ ቆዳ የተሠራ፣ ከጥጥ ካልሲ ጋር የሚደረግ ጫማ ይሻላል። በረባሶ አፈር ያስገባል፤ ኮንጎ ላብ ያምቃል።

ገንዘቡም ሳሙናና ቫዝሊን በየወሩ እንደሚያልቁ ታስቦ ይመደብ። በኪሎ ሜትር 5 ብር ቃል የገባ ሰው ለ42ቱ 210 ብር አለበት፤ ከሩጫው በኋላ መጠየቅ ልመና ስለሚሆን አስቀድሞ በባንክ ወይም በቴሌብር ይግባ። ቲሸርቱን ስፖንሰር ካልሸፈነው ይቅር። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ላልለመደ ሰው የ10 ኪሎ ሜትር መስመር ጎን ለጎን ይዘጋጅ።

ፖስተሩ ላይ «የዘር በሽታን እንዋጋ» ተብሎ እንዳይጻፍ አደራ። በዚህ ቃል ስንት ጋብቻ ቀርቷል! የሚወረሰው ተጋላጭነቱ ነው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያውያን ሕሙማን ላይ የታተመ የዘረመል ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል። በሽታውን የሚያመጣው ግን ለዓመታት ቀይ አፈር በባዶ እግር መርገጥ ነው። ቆላ ላይ በትንኝ ከሚመጣው ዝሆኔ ይለያል፣ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም።

በዚያ ዕለት የግድ ጫማ ይታደል ከተባለ ለሕሙማኑ ልጆች ይሁን። እግራቸው ገና አላበጠም። የልጅ እግር ቶሎ ያድጋልና የከርሞውም መግዣ አብሮ ይቀመጥ።

አንባቢዎቻችሁ
ከደብረ ማርቆስ