የታሪክ ንባብ ክበብ ዘንድሮ፦ የአንዲት የቄስ ባለቤት ረጅም ዕድሜ

በሚኒሶታ የሚገኘው የቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን የታሪክ ንባብ ክበብ የዘንድሮውን ዓመት በሙሉ ያዋለው በአንዲት ሴት ሕይወት ላይ ነው። እኚህ ሴት እ.ኤ.አ. በ1832 በኖርዌይ፣ ላርቪክ በተባለች የባሕር ዳርቻ ከተማ ከአስተማሪ አባት ተወልደው፣ በ21 ዓመታቸው የሉተራን ቄስ ኡልሪክ ቪልሄልም ኮረንን አግብተው በዚያው በ1853 ወደ አሜሪካ የተሻገሩት፣ እስከ 1918 ድረስም በአዮዋ የኖሩት ወይዘሮ ኤልሳቤጥ ኮረን ናቸው። ምርጫው የአባላቱ ነበር። ከመካከላቸው የቄስ ልጆች ስላሉ እናቶቻቸው ያለ ደመወዝ የሚሸከሙትን አገልግሎት ያውቃሉ፤ የቄስ ኮረን የአገልግሎት ክልልም ከአዮዋ አልፎ እስከ ሚኒሶታ ደቡብ ምሥራቅ ይዘልቅ ነበር።

ንባባችን የተመሠረተው ወይዘሮዋ ከ1853 እስከ 1855 በጻፉት የዕለት ማስታወሻ ላይ ነው። ልጆቻቸው ከማስታወሻውና ከደብዳቤዎቻቸው መርጠው በ1914 በኖርዌይኛ ያሳተሙት ሲሆን፣ እኛ የተጠቀምነው በ1955 በወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ነው። እያንዳንዱ አባል የተመደበለትን ክፍል አንብቦ በአማርኛ ያቀርብ ነበር።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የመጀመሪያው የበረዶ ወቅት ነው። ሙሽሮቹ በ1853 የገና ዋዜማ ዋሽንግተን ፕሬይሪ ከተባለው የኖርዌያውያን መንደር ሲደርሱ የቄሱ መኖሪያ ገና አልተሠራም ነበርና፣ ኤጌ የተባሉ ገበሬ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆቻቸው ጋር በሚኖሩባት ባለ አንድ ክፍል የግንድ ቤት አስጠጓቸው። የቤቲቱ ስፋት 14 በ16 ጫማ ነው። አባላቱ ይህንኑ ልክ በክፍላችን ወለል ላይ በፕላስተር አስምረው ስድስት ሆነው ተቀመጡበት፤ ሁለት አልጋና ምድጃ የት እንደሚገባ ሲጠየቁ ግን መልስ አልነበራቸውም። ቄሱ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ የሰፈሩ የመጀመሪያው የኖርዌይ ሉተራን አገልጋይ ስለ ነበሩ በየቦታው የተበተኑትን ምእመናን ለመጎብኘት ደጋግመው ይሄዱ ነበር፤ ወጣቷ ባለቤታቸውም በሰው ቤት ሆነው መመለሻቸውን ይጠብቃሉ። ምግቡ አንድ ጊዜ የተቀቀለ፣ ሌላ ጊዜ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ እንደ ነበር ጽፈዋል። ይህ ሲነበብ ከክፍሉ የተሰማውን ድምፅ ለአንባቢ ግምት እተዋለሁ።

ወይዘሮዋ ከተማረ ቤተሰብ የወጡ ስለ ነበሩ በገበሬዎቹ አኗኗር ላይ በጻፉት አንዳንድ ዐረፍተ ነገር ከፍ ብሎ የማየት መንፈስ ይታያል። ከአባላቱ ከፊሉ በዚህ ተቀየመ፤ ከፊሉ ደግሞ በ21 ዓመቷ ከአገሯ የወጣች ሴት ብሶቷን ለወረቀት ብትነግር ምን ነውር አለው ሲል ተከራከረ። በእኔ አስተያየት የተቀየሙት አልተሳሳቱም፤ ሆኖም የኤጌን ቤተሰብ ቸርነት ዛሬ ልናውቅ የቻልነው እሳቸው በመጻፋቸው ነው። በጸደይ በአዮዋ ወደምትገኘው የዲኮራ ከተማ ተጉዘን በቬስተርሃይም ሙዚየም ተጠብቃ የቆየችውን ያችኑ ቤት አይተናል።

ከባዱ ሥራ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ማስታወሻው በ1855 ያበቃል፤ ሕይወታቸው ግን ከዚያ በኋላ ከስድሳ ዓመት በላይ ቀጥሏል። የዘመን ሰንጠረዡን ስናዘጋጅ ለነዚያ ዓመታት ያገኘነው በአብዛኛው የባለቤታቸው ታሪክ ነበር፦ በ1861 የተከፈተው ሉተር ኮሌጅ በማግስቱ ዓመት ወደ ዲኮራ እንዲዛወር ማገዛቸው፣ ከ1894 ጀምሮ በ1910 እስኪሞቱ ድረስ የኖርዌይ ሲኖዶስ (በአሜሪካ የኖርዌያውያን ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት) ፕሬዚዳንት መሆናቸው። ዘጠኝ ልጆች መውለድና ማሳደግ በአንድ መስመር ያልቃል። ስለዚህ አንዲት ተማሪ ወይዘሮዋ ራሳቸው የጻፉት በሰማያዊ፣ ስለ ባለቤታቸው የተጻፈው በጥቁር ቀለም እንዲሰፍር ሐሳብ አቀረበች፤ በመተላለፊያው የተሰቀለው ሰንጠረዥም ከጥቂት ሰማያዊ ካርዶች በቀር ጥቁር ነው።

የመጨረሻውን ካርድ በተመለከተ ረጅም ውይይት ተደርጓል። ወይዘሮዋ ባረፉበት በ1918 የአዮዋ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በስልክ፣ በቤተ ክርስቲያንም ጭምር ከእንግሊዝኛ በቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አዋጅ አውጥቶ ነበር። ዋናው ዒላማ ጀርመንኛ ቢሆንም ኖርዌይኛም አልተረፈም። አዋጁ የእሳቸውን ሕይወት ምን ያህል እንደ ነካ የሚናገር ሰነድ ስላላገኘን ካርዱን ከሰንጠረዡ ውጭ፣ በጎን ለብቻው አድርገነዋል።

በመጪው ዓመት አባላቱ በየአጥቢያቸው ካሉ አረጋውያን የቄስ ባለቤቶች ጋር በፈቃዳቸው ቃለ መጠይቅ ያደርጋሉ። ጥያቄዎቹ ተረቅቀዋል፤ ስለ ባለቤታቸው አገልግሎት የሚጠይቀው በአባላቱ ውሳኔ ከዝርዝሩ መጨረሻ ተቀምጧል።