«ከአቅም በላይ» የምትለው መስመር ኪራይ አታስቆምም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ለሆቴል፣ ለካፌና ለምግብ ቤት የሚፈረሙ የኪራይ ውሎች ዛሬም ወረርሽኝን የሚነኩት በአንዲት መስመር ነው፦ «ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ሲያጋጥም ተዋዋዮች ተጠያቂ አይሆኑም።» ከአሮጌ ውል ተገልብጣ የምትመጣ መስመር ናት። ተከራዩ ሲፈርም በሽታ ቢመጣ ኪራይ የሚቆምለት ይመስለዋል። አይቆምለትም።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 ከአቅም በላይ የሚለው፣ ባለዕዳው ሊገምተው የማይችለውንና ግዴታውን ከመፈጸም ፈጽሞ የሚያግደውን ነገር ነው፤ አፈጻጸሙን ያከበደ ብቻ ከሆነ አይቆጠርም። ቁጥር 1793 የመንግሥት ክልከላን ቢጠቅስም፣ መንግሥት የሚከለክለው እንግዳ ማስተናገድን እንጂ ኪራይ መክፈልን አይደለም፤ የአከራይ ጠበቃ መጀመሪያ የሚመዘው ይህንኑ ነው። ቁጥር 1764 ደግሞ ግዴታው ከታሰበው በላይ ስለከበደ ውሉ እንደማይፈርስ፣ ዳኛም ተዋዋዮቹ ካልተስማሙ ወይም ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ እንደማያሻሽለው ይደነግጋል። ከኮሮና በኋላማ «ወረርሽኝ ይመጣል ብዬ አልገመትኩም» ማለትም ያስተዛዝባል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የታወጀውን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተከትሎ የወጣው ደንብ ምግብ ቤቶችን አልዘጋም፤ በአንድ ጠረጴዛ ከሦስት ሰው በላይ እንዳይቀመጥና ጠረጴዛዎቹም እንዲራራቁ ነበር ያዘዘው። 30 ጠረጴዛና በየጠረጴዛው አራት ወንበር ያለው ቤት እንውሰድ፤ 120 ሰው ያስቀምጣል። ለርቀቱ ሲባል 12 ጠረጴዛ ቢነሣ በቀሩት 18 ላይ የሚቀመጠው 54 ሰው ነው። መቀመጫው ከግማሽ በታች ወርዷል፤ ቤቱ ግን ክፍት ስለሆነ «ፈጽሞ ታገድኩ» ማለት አይቻልም። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በዚያን ጊዜ ለተከራዮቹ ኪራይ የቀነሰው በራሱ ውሳኔ ነው፤ የግል አከራይ ግን እንደየልቡ ነበር።

ስለዚህ ውሉ ራሱን የቻለ የጤና አደጋ አንቀጽ ያስፈልገዋል። መነሻው «ገበያ ሲቀዘቅዝ» ከተባለ ጭቅጭቅ ነው፤ የፌዴራል መንግሥት ወይም የከተማ አስተዳደር በጽሑፍ ያወጣው ትእዛዝ የሚጸናበት ቀን ይሁን፤ ተከራዩም በሰባት ቀን ውስጥ በደብዳቤ ያሳውቅ። ሙሉ መዘጋትና ከፊል ገደብ ለየብቻ ይጻፉ። ለከፊል ገደብ የሚያዋጣው ዝቅተኛ ኪራይ ላይ የሽያጭ ድርሻ መጨመር ነው፤ ድምሩም ከመደበኛው ኪራይ አይለፍ። ለምሳሌ ወርኃዊ ኪራዩ 200,000 ብር ቢሆን 40 በመቶው፣ ማለትም 80,000 ብር፣ በማንኛውም ሁኔታ ይከፈላል፤ የወሩ ሽያጭ 600,000 ብር ከሆነ 8 በመቶው፣ 48,000 ብር፣ ይታከልበትና 128,000 ብር ይመጣል። ሽያጩ የሚረጋገጠው የዕለቱን ሽያጭ ደምሮ ከሚያወጣው የካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት እንጂ ከተከራዩ ደብተር መሆን የለበትም። አከራዩም የባንክ ዕዳ ካለበት ዝቅተኛውን ኪራይ ከወርኃዊ ክፍያው ጋር አስተያይቶ ይወስን።

በሙሉ መዘጋት ጊዜ ትልቁ ነገር ቅድሚያ ክፍያው ነው። የስድስት ወር ወይም የዓመት ኪራይ አስቀድሞ የከፈለ ሰው፣ የተዘጉት ቀናት ወደ ውሉ መጨረሻ እንደሚዛወሩለት ካላስጻፈ ገንዘቡን ይዞ የሚከራከርበት ነገር የለውም። የጥበቃና የጀነሬተር ወጪም ከኪራዩ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሕንፃው ሲዘጋ ናፍጣው ይቀንሳል፣ ዘበኛው ግን ያው ነው።

በስልክ «ለሁለት ወር ግማሹን ክፈል» ተብሎ የተገኘ ቅናሽ ደግሞ በኋላ ውዝፍ ሆኖ ይመጣል። ቁጥር 1722 በልዩ ፎርም የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው ፎርም ነው ይላል። ዋናው ውል ውልና ማስረጃ ቀርቦ ከተፈረመ ማሻሻያውም እዚያው ይፈረም። ይህ ለአከራዩም ይጠቅመዋል፤ ያልተቀበለውን ኪራይ ግብር ሲጠየቅ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።

ውሎቹ ጨርሶ የማያነሡት ሌላው ጉዳይ የተዘጋውን ሕንፃ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ውኃ በቧንቧና በሮቶ ውስጥ ሲተኛ ክሎሪኑ ይጠፋል፤ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ ከሻወር በሚነሣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1976 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ በሚገኘው ቤልቪው ስትራትፎርድ ሆቴል ከተሰበሰቡ፣ «አሜሪካን ሌጂዮን» የተባለ ማኅበር አባላት ከሆኑ የቀድሞ ወታደሮች ነው፤ ሆቴሉም እንግዳ ሸሽቶት በዚያው ዓመት ተዘጋ።

መከላከያው ርካሽ ነው። በተዘጋበት ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን እያንዳንዱን ቧንቧና ሻወር ለጥቂት ደቂቃ ማፍሰስ፣ ቦይለሩንም 60 ዲግሪ ላይ ማቆየት ነው። ይህን ማድረግ የሲፎኑም ውኃ ደርቆ የፍሳሽ ሽታ ወደ ክፍል እንዳይገባ ያደርጋል። ይህ ሳይደረግ ወራት ካለፉ ሮቶው ተራግፎ ዝቃጩ ይታጠባል፤ ከዚያ ለ2,000 ሊትር ንጹሕ ውኃ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው 2 ሊትር በረኪና ይጨመራል፤ ይህም በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን መሆኑ ነው። የቆየ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም በቅርብ የተመረተውን መግዛት ያሻል። ሽታው በየቧንቧው ጫፍ እስኪደርስ ከተለቀቀ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆያል፤ ቀጥሎ ሽታው እስኪጠፋ ይታጠባል። የሻወር ራሶች አስቀድመው ይፈቱ፤ ያለዚያ ብናኙን የሚተነፍሰው ሠራተኛው ነው።

ሳምንታዊውን ማፍሰስ ተከራዩ ይሥራው ወይስ የሕንፃው ጥገና ክፍል፣ ውኃውን የሚከፍለውስ ማን ነው? ቁልፉ ማን እጅ እንደሚቆይና መዝገቡን ማን እንደሚፈርም ጭምር በዚያው አንቀጽ ይግባ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የውል አርቃቂና አንድ የሆቴል ጥገና ባለሙያ፣ አዲስ አበባ