ሰዎቹ በፈቃዳቸው ተነሱ ወይስ «ተነሱ!» ተብለው ተገደዱ?

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጋዜጣዎ ከቤታቸውና ከቀያቸው ስለሚወጡ ሰዎች በተከታታይ ስለሚዘግብ አመሰግናለሁ፤ ብዙ መገናኛ ብዙኃን ጉዳዩን ከአንድ ቀን ዜና በላይ አይከተሉትም። ዛሬ የምጽፍልዎት ዘገባዎቹ ስለሚጻፉባቸው ግሦች ነው። ጎርፍ ቤቱን የወሰደበት ገበሬ፣ ታጣቂዎች ያባረሩት ቤተሰብ፣ ለመንገድ ሥራ ቤቱ የፈረሰበት ነዋሪና አከራዩ ዕቃውን ወደ ውጭ ያወጣበት ተከራይ፣ አራቱም በርዕሶችዎ ላይ «ተፈናቀሉ»፣ «ተነሱ» ወይም «ለቀቁ» ተብለው ያልፋሉ። አማርኛ ግን ለእነዚህ የተለያዩ በደሎችና አደጋዎች የተለያየ ቃል አለው፤ ቃላቱን ስንደባልቅ አንባቢው በመጀመሪያ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር፣ ማለትም ያስወጣቸው ማን እንደሆነ፣ እንሸሽገዋለን።

ነገሩ ከግሡ አሠራር ይጀምራል። «አፈናቀለ»፣ «አስለቀቀ»፣ «አስነሳ»፣ «አባረረ» የሚሉት ግሦች ባለቤት ካልተሰጣቸው ዓረፍተ ነገሩ ጎደሎ ሆኖ ይሰማል፤ «ማን?» ብለን እንድንጠይቅ ያስገድዱናል። «ተፈናቀሉ» ግን አድራጊው ሳይጠቀስ ይቆማል፤ ቢያንስ ቃሉ ሰዎቹ አንድ ነገር እንደደረሰባቸው ይናገራል። «ተነሱ» እና «ለቀቁ» ከዚህም የባሱ ናቸው፤ ምክንያቱም ተቀምጦ የነበረ ሰው በገዛ ፈቃዱ ሲነሳና ተከራይ ውሉን ጨርሶ ሲለቅ የምንጠቀምባቸው ቃላት ናቸው። ቤቱ በላዩ ላይ እየፈረሰ የወጣን ሰው «ለቀቀ» ማለት የአስለቃቂውን ሥራ እንዲለቅ ለተገደደው ሰው መስጠት ነው።

«የልማት ተነሺ» የሚለው አጠራር ከአስተዳደር ቋንቋ ወደ ዜና የገባው በዚህ መንገድ ይመስለኛል። የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ቃሉን ሕጋዊ መጠሪያ አድርጎ ስለሚጠቀምበት ከሕግ ጉዳይ ዘገባ ይውጣ ማለት አልችልም። ነገር ግን ከአዋጁ በላይ ያለው ሕገ መንግሥት የበለጠ ግልጽ ነው። አንቀጽ 40 ስለ አርሶ አደሮች ሲናገር ከመሬታቸው «ያለመነቀል»፣ ስለ ዘላኖች ሲናገር ደግሞ «ያለመፈናቀል» መብት ይላል፤ አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት «የተፈናቀሉ» ሰዎች ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ ቤቱ ለፕሮጀክት የፈረሰበትን ሰው «ተፈናቃይ» ማለት የተቃዋሚ ቋንቋ አይደለም፤ የአገሪቱ የበላይ ሕግ ቋንቋ ነው። ካሣው ተከፍሎ፣ ምትክ ቦታው ተሰጥቶና ሰውየው ተስማምቶ ከሆነ እሱም በዘገባው ይጻፍ፤ «ተነሺ» የሚለው ቃል ብቻውን ግን አንዱንም አይነግረንም።

የተባበሩት መንግሥታት የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው 7ኛ አጠቃላይ አስተያየት በግዳጅ ማስለቀቅን ሲተረጉም ዋናውን ክብደት የሰጠው ለሁለት ነገሮች ነው፦ ከሰዎቹ ፈቃድ ውጭ መሆኑና ተገቢው የሕግ ወይም ሌላ ጥበቃ አለመኖሩ። ኮሚቴው ከዚህ ተነሥቶ ነዋሪዎቹ አስቀድመው እንዲመከሩ፣ በቂ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣቸው፣ በሌሊት ወይም በክፉ የአየር ሁኔታ እንዳይወጡ፣ ማንም ቤት አልባ ሆኖ እንዳይቀር ይጠይቃል። ዘጋቢዎችዎ እነዚህን ጉዳዮች በየጊዜው ቢጠይቁ የትኛው ግሥ እንደሚስማማ ራሱ መልሱ ይነግራቸዋል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን «ማሸሽ» እና «ማስፈር» የሚሉትን ቃላት ያለ ጥያቄ መቀበላችን ነው። በጦርነት ጊዜ ሲቪሎችን የሚጠብቀው አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1949) በአንቀጽ 49 በወረራ ሥር ያሉ ሰዎችን በግዳጅ ማዘዋወርን ከልክሎ ለነዋሪዎቹ ደኅንነት ወይም አስገዳጅ ለሆነ ወታደራዊ ምክንያት ሲባል ማሸሽን ይፈቅዳል፤ ያም ቢሆን በአካባቢው ውጊያው እንዳበቃ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው እንዲመለሱ ያዝዛል። እንግዲህ አንድ ባለሥልጣን ነዋሪዎችን «ወደ ደኅና ቦታ አሸሸናቸው» ሲል፣ አደጋው ምን እንደነበርና መመለሻቸው መቼ እንደሆነ መጠየቅ የጋዜጠኛው ሥራ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1942 የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ወደ 120,000 የሚጠጉ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የራሷ ዜጎች ሆነው ሳለ፣ ከቤታቸው አውጥታ በታጠረ ካምፕ ስታስቀምጥ በይፋ የተጠቀመችበት ቃል ማሸሽ የሚል ነበር፤ መንግሥቱ በሕግ ይቅርታ የጠየቀው በ1988 ነው። እኛም ከ1977 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ ከሰሜን ወደ ደቡብና ምዕራብ የተወሰዱትን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እስከ ዛሬ «ሰፋሪዎች» እንላቸዋለን። ወደው የሄዱ ነበሩ፤ ተገደው የተጫኑም ብዙ ነበሩ፤ አንዱ ቃል ሁለቱንም ስለያዘ የተገደዱት ታሪክ በወደዱት ታሪክ ተሸፍኖ ቀርቷል።

«የዘር ማጽዳት» የሚለውም ጥንቃቄ ይሻል። ቃሉ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ከቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ጦርነቶች ጋር በዓለም የተሰራጨ ሲሆን በዓለም አቀፍ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ አልተተረጎመም። ወንጀሎቹ ሌላ ስም አላቸው፤ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት የተቋቋመበት የሮም ስምምነት ከአገር ማባረርንና ሕዝብን በግዳጅ ማዘዋወርን በሰብአዊነት ላይ ከሚፈጸሙ ወንጀሎች መካከል ይቆጥራቸዋል። ከዚህ በላይ ግን «ማጽዳት» የሚለው ግሥ የተባረሩትን ሰዎች እንደ እድፍ የሚያይ ሰው ግሥ ነው። ቃሉን የተናገረ ሰው ካለ በትእምርተ ጥቅስ ይጠቀስ፤ ዘገባው በራሱ ድምፅ ሲናገር ግን «ነዋሪዎቹን በማንነታቸው ምክንያት በኃይል አባረሩ» ቢል ግልጽም ትክክልም ይሆናል።

«ስደተኛ» እና «ተፈናቃይ» የሚሉትም አንዳንዴ ሲምታቱ አያለሁ። ልዩነቱ ድንበር ነው። ድንበር ያልተሻገረው የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባጸደቀው የካምፓላ ስምምነት፣ የተሻገረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951ዱ የስደተኞች ስምምነት ይታያል፤ ስለዚህ ስሙ ሲሳሳት መብቱን የት ሄዶ እንደሚጠይቅም ይሳሳታል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ «ወደ ቀያቸው ተመለሱ» ስለሚሉት ዜናዎች ነው። መመለስ እንደ መነሳት ሁሉ የፈቃድ ቃል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የቀረቡት የተባበሩት መንግሥታት የአገር ውስጥ መፈናቀል መመሪያ መርሆዎችም መመለስ በፈቃደኝነት፣ በደኅንነትና በክብር እንዲሆን ይጠይቃሉ። መጠለያው ስለተዘጋባቸው ወይም እርዳታው ስለተቋረጠባቸው የሄዱ ሰዎች ካሉ እነርሱን «ተመላሾች» ብሎ መጻፍ ሁለተኛውን መፈናቀል መዝግቦ አለማስቀመጥ ነው። እንዲህ ያለ ዜና ባወጡ ቁጥር ዘጋቢዎ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሰዎቹ በእርግጥ በቤታቸው መኖራቸውን፣ ቤታቸውንም ማን ይዞት እንዳገኙት ጠይቆ እንዲጽፍልን በአክብሮት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢዎ