«እዚያው ትሆኛለሽ አይደል?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከሁለት ሳምንት በፊት ስለ ጭንቀት ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጥሩ ጽሑፍ ነበር። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ። ጸሐፊው የአማኝ ሰላም ኃላፊነትን በሌላ ላይ ጥሎ ከማረፍ የሚመጣ ነው ይላሉ። ነገሩ ለብዙ ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም። ክርስቲያን ነኝ። ሥራዬም ከዚሁ ጉዳይ ጋር ስለሚገናኝ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የሰመመን ባለሙያ ነኝ። በሙያው 19 ዓመት ቆይቻለሁ። ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትን ሰው አስተኛለሁ፣ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹንና የልቡን ምት እጠብቃለሁ፣ ሲያልቅ አነቃዋለሁ። ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ብዙ ነገር ከበሩ ውጭ ትቶ ነው። ልብሱን፣ መነጽሩን፣ የጋብቻ ቀለበቱን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን ሳይቀር። ከዚያ የኦክስጅን ጭምብሉን አፉና አፍንጫው ላይ አድርጌ በደንብ እንዲተነፍስ እነግረዋለሁ።

በእነዚያ ደቂቃዎች የሚጠይቁኝን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስንት ሚሊግራም እንደምሰጥ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አይለኝም። የሚጠይቁት «እዚያው ትሆኛለሽ አይደል?» ብለው ነው። አዛውንቱም ወጣቱም ያው ነው። አንድ መሐንዲስ እጄን ይዞ ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። «አዎ፣ ከራስጌህ አልንቀሳቀስም» ስለው ትከሻው ሲላላ አየሁ። ሞኒተሩም ይመሰክራል። 110 ይመታ የነበረ ልብ ቀስ እያለ ይወርዳል። ገና ምንም ሳልሰጠው ማለቴ ነው።

ይህን ለዓመታት እያየሁ ከእምነቴ ጋር አላያያዝኩትም ነበር። ያያያዝኩት ተራው የእኔ ሲሆን ነው።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ሳለ ልቧ ላይ ያለውን ቀዳዳ ለመድፈን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። በእኛ ሙያ የራስን ልጅ ማስተኛት አይመከርም። እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ፍርድም ይዛባል። ስለዚህ ሁልጊዜ የምገባበት በር ፊቴ ላይ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሰዓቴን አያለሁ። አሁን ተኝታለች። አሁን ደረቷ ተከፍቷል። አሁን ልቧ ቆሟል፣ ደሟን የሚያዘዋውረው ማሽኑ ነው። አሁን ከማሽኑ ሊያላቅቋት ነው። አጠገቤ የተቀመጠችው እናት የማታውቀውን ሁሉ አውቃለሁ። የቱ ጋ ምን ሊበላሽ እንደሚችል አውቃለሁ። ዕውቀቴ አላረጋጋኝም፤ አሠቃየኝ።

መጸለይ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገርና ጸሎት አልነበረም፣ ትእዛዝ ነበር። ይህን አድርግ፣ ያንን አስተካክል፣ የደም ግፊቷን ከዚህ በታች አታውርድ። እንዲህ እያልኩ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ሲደክመኝ ዝም አልኩ። ያን ጊዜ ማቴዎስ ምዕራፍ 8 ላይ ያለው የመቶ አለቃ ትዝ አለኝ።

ብላቴናው ሽባ ሆኖ ቤት ተኝቷል። ጌታ መጥቼ እፈውሰዋለሁ ሲለው ሰውዬው ከቤቱ ጣራ ሥር ሊገባ እንደማይገባው ተናግሮ «ነገር ግን ቃል ብቻ ተናገር» አለ። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔን የያዘኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። «እኔ ደግሞ ለሌሎች ተገዥ ነኝና» ይላል። ይህ ሰው ሥልጣንን ከሁለቱም በኩል ያውቀዋል። ያዝዛል፤ ይታዘዛልም። ስለዚህ እንዴት ትፈውሰዋለህ ብሎ አልጠየቀም። ፊቱ የቆመው ማን እንደሆነ ማወቁ በቃው። ጌታም ሰምቶ ተደነቀ። በወንጌል ውስጥ ጌታ ተደነቀ የተባለው በሁለት አጋጣሚ ብቻ ነው። አንዱ ይህ ነው። ሌላው ማርቆስ 6 ላይ ነው፤ እዚያ የተደነቀው ባለማመናቸው ነው።

እኔም «ቃል ብቻ ተናገር» አልኩ። ድምፅ አልሰማሁም። ልጅሽ ትድናለች የሚል ማረጋገጫም አልመጣልኝም። ጥፍሬ መዳፌን እስኪወጋኝ ጨብጬው የነበረው እጄ ግን ተፈታ። ውጤቱን አላውቅም ነበር። በማን እጅ እንዳለች አወቅሁ።

እንግዲህ ወደ ጸሐፊው ቃል ልመለስ። ልጄ ከዚያ በር ወጥታ ስትመጣ መድኃኒቷን በሰዓቱ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሌሊት ተነሥቼ ትንፋሿን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ኃላፊነቴን አንዲት ቅንጣት አልጣልኩም። የጣልኩት መጀመሪያውኑ የኔ ያልነበረውን ሸክም ነው። የልጄን ነፍስ በእጄ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር፤ ይዤ አላውቅም። ጌታም በጌቴሴማኒ ይህ ጽዋ እንዲያልፍ ለምኗል። አልፈልገውም ማለትን አላፈረበትም። ከዚያ «አንተ የምትወደው ይሁን» አለና ተነሥቶ ወደሚጠብቀው ነገር ሄደ። ይህ ሽሽት ነው?

ባትድንስ ኖሮ የሚል አንባቢ ይኖራል፤ መብቱ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ እናቴ ታመመች። ያንኑ ጸሎት፣ በዚያው ቃል ጸለይኩ። እናቴ አረፈች። አለቀስኩ። አሁንም ድምጿ ትዝ ሲለኝ አለቅሳለሁ። ሰላሜ ግን አልሄደም፤ ከእንባዬ ጋር አብሮኝ ተቀመጠ። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች የእግዚአብሔር ሰላም «ልባችሁንና አሳባችሁን በክርስቶስ ኢየሱስ ይጠብቃል» ብሎ ሲጽፍ እስር ላይ ነበር። «ይጠብቃል» ያለበት የግሪክ ቃል ወታደር ከተማን የሚጠብቅበት ቃል ነው። ዘበኛ የሚቆመው አደጋ ባለበት ነው።

አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። ስለ እግዚአብሔር ሥልጣን ስጽፍ፣ ይህንን ሥልጣን ተውሰው ሰው ላይ የሚሰለጥኑ እንዳሉ አውቃለሁ። መድኃኒትህን ጣል የሚሉ አሉ። ጥያቄህ ክህደት ነው የሚሉ አሉ። እነሱን አይቶ ከእምነት የሸሸ ሰው ላይ አልፈርድም። ግን ዮሐንስ 13ን አንብቡልኝ። አብ ሁሉን በእጁ እንደሰጠው አውቆ፣ ይላል፣ ጌታ ከእራት ተነሣ፣ ፎጣ ታጠቀ፣ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። እኔ ራሴን የሰጠሁት ለዚህ ሥልጣን ነው። ደግሞ ለጭንቀት ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት መዋጥ የእምነት ጉድለት አይደለም። ይህን እንደ ክርስቲያንም እንደ ባለሙያም እላለሁ።

ደቀ መዛሙርቱ በሌሊት፣ ነፋስ በገጠማቸው ጊዜ፣ ጌታን በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው ጮኹ። እሱም ነፋሱ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚያቆም አላስረዳቸውም። «እኔ ነኝ፤ አትፍሩ» አላቸው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ጭምብሉ ሥር ሆነው ወደ ላይ የሚያዩኝ ዓይኖች ይመጡብኛል።

ነገ ጠዋት የመጀመሪያዋ ታካሚዬ የአምስት ዓመት ልጅ ናት። እናቷ እስከ በሩ ድረስ ትሸኛታለች፣ ከዚያ ትቀራለች። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ወደ እናትየው ዞሬ ስሜን እነግራታለሁ።

አንዲት የጋዜጣችሁ አንባቢ